«እንግዶችሽ ወደዱት ወይ?»

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ፤

ነገሩ ትንሽ ነው። እንዲያውም ለመጻፍ አፍሬ 3 ጊዜ ትቼዋለሁ። ግን ይኸው ከወር በላይ ሆነኝ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በሌላ መንገድ እየዞርኩ ነው። የምዞረው ከአንድ ሻይ ቤት ፊት ላለማለፍ ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ነው። ሻይ ቤቱ ከተከራየሁበት ግቢ የ2 ደቂቃ መንገድ ነው። በቆርቆሮ የተከለለ፣ 6 ጠረጴዛ ያለው፣ በሩ ላይ የማንጎ ዛፍ ያለበት ቤት። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ ቁርሴን የምበላው እዚያ ነው፤ 7 ዓመት ሊሆነኝ ነው። ተመርቄ ሥራ ሳላገኝ በቆየሁበት ዓመት እትዬ በዱቤ አብልተውኛል። ደብተር ላይ ይጽፉታል እንጂ አንድ ቀን «መቼ ነው የምትከፍዪው?» ብለውኝ አያውቁም።

ለጥምቀት እጮኛዬ እናቱን፣ እህቱንና የእህቱን ባል ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ። ከእናቱ ጋር ስንተያይ 2ኛ ጊዜያችን ነው። የቃና ዘገሊላ ዕለት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ «ቁርስ እኔ ልጋብዛችሁ» ብዬ እዚያ ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ «እንደዚህ ዓይነት ፉል የትም አትበሉም» እያልኩ ነው የሄድኩት። ምነው ዝም ባልኩ!

ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። ቆመን ነው ቦታ የጠበቅነው። ያዘዝነው እስኪመጣ 1 ሰዓት ፈጀ። ፉሉ ሲመጣ ባቄላው አልበሰለም፣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ጨጨብሳው ቀዝቅዞ ቅቤው ረግቶበታል። ዳቦው የትናንት ነው። እንቁላል ፍርፍሩ ጨው ብቻ። እህቱ ስፕሪስ አዝዛ ሻይና ቡናው የተዘበራረቀ ጥቁር ውኃ መጣላት። የዝንቡን ነገር ተዪው። ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ያልበላነው 2 ፉል ተደምሮበታል። እትዬ ያን ቀን አልነበሩም፤ አዲስ የተቀጠረች ልጅ ብቻዋን ወዲያ ወዲህ ትላለች።

ማንም ክፉ አልተናገረም። የእጮኛዬ እናት ብቻ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ ዙሪያውን አየት አድርገው፣ «ልጄ፣ አንቺ ሁልጊዜ ጠዋት የምትበይው እዚህ ነው?» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ እትዬ በሩ ላይ አገኙኝ። ፊታቸው በርቶ «እንግዶችሽ ወደዱት ወይ?» አሉኝ። «በጣም!» አልኩ። ከዚያ ወዲህ እግሬ አልረገጠውም። እጮኛዬ «ተይው፣ ሻይ ቤት ሞልቷል» ይለኛል። ልንገራቸው? ወይስ እንደጀመርኩት ቀስ እያልኩ ልራቅ? ብነግራቸው ያዝናሉ። ባልነግራቸው ደግሞ ያው የማደርገው ጠፍቶኛል።

ዞሬ የምሄደው፣ ከባሕር ዳር

•

እህቴ፣

3 ጊዜ ትተሽ በ4ኛው መጻፍሽ ደግ አደረግሽ። ነገሩ ትንሽ ነው ብለሽ አትፈሪ። ሰው ለትንሽ ነገር ወር ሙሉ መንገድ አይቀይርም፤ ያውም ጠዋት፣ ያውም ሥራ እየረፈደበት።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የሻይ ቤት ልጅ ነኝ። እናቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከእናንተ እትዬ ቤት ብዙም የማይሻል ቤት ነበራት፤ ብርጭቆ እያጠብኩ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ላዳላ እችላለሁ። ያዳላሁ ከመሰለሽ እዚያ ላይ ተይኝ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያየሁት ያው ጥሬውን ባቄላ ነው። ቆይቶ ግን አንቺ በግማሽ መስመር ያለፍሻት ነገር ያዘችኝ። እትዬ ያን ቀን አልነበሩም። ቀኑ ደግሞ ቃና ዘገሊላ ነው። የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ የሚመለስበት ቀን። ከተማው ነጭ ለብሶ መንገድ ላይ ነው። እትዬም ነጠላቸውን አጣፍተው ታቦት ሊሸኙ ሄደው ይሆናል፤ ማን ያውቃል። ከዚያ እንግዳው፣ መዘምራኑ፣ ከገጠር የመጣው ዘመድ ሁሉ ሲርበው ቅርቡ ወዳለው ሻይ ቤት ይገባል። ለ20 ሰው በተዘፈዘፈ ባቄላ 60 ሰው ይመጣበታል። እናቴ በዓል ሲደርስ ገንዘቡን ትወደዋለች፣ ቀኑን ግን ትፈራው ነበር።

ፉል ደግሞ ጥድፊያ አይወድም። ባቄላው ማታ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ከዚያ በለዘበ እሳት ሰዓታት ይቆያል። ያደረው አልቆ ረፋድ ላይ አዲስ ከተጣደ፣ እሳቱን የቱንም ያህል ብታነጂው ልጡ ይላጣል እንጂ ውስጡ አይላላም። የቸኮለ ሰው ቲማቲሙን ቀድሞ ከጨመረበት ደግሞ ጭራሽ ይደርቃል። ስፕሪሱም ያው ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፤ ቡናው ከላይ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ተብሎ ነው የሚንቆረቆርበት። የረጋ እጅ ይፈልጋል። 15 ሰው «የኔስ?» እያላት የምትሮጥ አዲስ ልጅ እጇ ከየት ይረጋል?

ይህን ሁሉ የምልሽ ቁርሱ ደህና ነበር ለማለት አይደለም። መጥፎ ነበር። የትናንት ዳቦ በበዓል አይመካኝም፤ «ዛሬ ትኩስ የለንም» ማለት ይቻላል። ሰውን 1 ሰዓት አስቀምጦ «ዘገየሁባችሁ፣ ይቅርታ» አለማለትም ያስቀይማል። የ2ቱ ፉል ሒሳብ በግርግር የመጣ ስህተት ይመስለኛል፤ ቢሆንም ገንዘብ ነው፣ ይነገራል። አንቺ እንግዳ ፊት መከራከር አፍረሽ ከፍለሽ ወጣሽ፤ አይደል? እኔም ብሆን ከፍዬ እወጣ ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ባሕር ዳር እንግዳ የሚወሰድበት ቦታ ጠፍቶባት አያውቅም። ጣና ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ውኃውን እያዩ ቁርስ የሚበላበት ቤት ሞልቷል። የአዲስ አበባ ሰው እንደሆነ ውኃ ካየ የቀረበለትን እንኳ ልብ አይልም። ታዲያ አንቺ ለምን 6 ጠረጴዛ ያለው የቆርቆሮ ቤት መረጥሽ?

የምገምተውን ልንገርሽ፣ ካልሆነም ተዪው። ልታሳዪያቸው የፈለግሽው የዱቤ ደብተሩን ነው። ያቺን ተመርቃ ሥራ ያጣች ልጅ፣ ኪሷ ባዶ ሆኖ ጠዋት ጠዋት ሳትሳቀቅ የምትቀመጥበትን ወንበር ነው። «እዚህ ከተማ ውስጥ እኔም ሰው አለኝ» ልትያቸው ነው። ግን ይህን አልነገርሻቸውም። የነገርሻቸው ስለ ፉል ነው። እነሱም ፉል ጠብቀው መጡ፣ ፉሉም ጥሬ ሆነ። አንቺ 7 ዓመት ያየሽበትን ቤት እነሱ በ2 ሰዓት፣ ያውም በቀኑ ሁሉ ክፉ ሰዓት አዩት።

ስለዚህ የእጮኛሽ እናት ጥያቄ ልብሽን የወጋው በቦታው ነው። እስቲ ግን ድምፃቸውን አስታውሺው። «ልጄ» ነው ያሉሽ። ንቀት ሊሆን ይችላል፤ አላውቅም፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ግን የወንድ ልጅ እናት ልጇ ሊያገባት ያለችውን ልጅ አይታ «ይቺ ልጅ ጠዋት ጠዋት ጥሬ ባቄላ ነው የምትበላው?» ብላ ብትሰጋስ? ከአፋቸው የወጣው ጥያቄ ነው፤ መልሱን ግን አልሰጠሻቸውም። ምን ብለሽ መለስሽ? ደብዳቤሽ ላይ የለም። አንገትሽን ደፍተሽ ዝም ያልሽ ይመስለኛል።

መልሱ አሁንም አልረፈደበትም። ስልክ ደውይላቸው። ሰላምታ፣ ጤና፣ የጾሙ ነገር፣ ሁሉም በየተራው ይሁን። ከዚያ «እማማ፣ ያን ቀን ያ ቤት ምን እንደሆነ ሳልነግርዎት ቀረሁ» በያቸው። የደብተሩን ነገር ንገሪያቸው። ስንት ወር እንደሆነ፣ የመጀመሪያ ደመወዝሽን ስትቀበዪ እንዴት አድርገሽ እንደከፈልሽ። ፉሉን አታስተባብዪ፤ «ጥሬ ነበር፣ እኔም አፍሬያለሁ» በይ። እንደምገምተው እሳቸውም የሚነግሩሽ አንድ የዱቤ ታሪክ አያጡም። በእሳቸው ዕድሜ ያለ፣ በሰው ደብተር ላይ ስሙ ያልተጻፈ የዚህ አገር ሰው ብዙ አይመስለኝም።

ወደ እትዬ እንምጣ።

እጮኛሽ «ተይው» ያለሽ ለራሱ እውነቱን ነው። እሱ እዚያ ቤት ደብተር የለውም። አንድ ቀን መጥፎ ቁርስ በላ፣ አይመለስም፣ አለቀ። ከእሱ ጋር በዚህ አትጣዪ። ግን የእሱ መልስ ለአንቺ አይሠራም፤ ቢሠራማ ኖሮ ወሩን ሙሉ ባልዞርሽ።

ቀስ ብሎ መራቁን እናቴ ቤት አይቼዋለሁ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ደንበኛ ነበረን። መስኮቱ ሥር ነበር የሚቀመጠው፤ ሻይ ያለ ስኳር፣ 2 ብስኩት። አንድ ቀን ቀረ። እናቴ መጀመሪያ ታሞ ይሆናል አለች። ቀጥሎ ተዛውሮ ይሆናል አለች። አንድ ቀን እኔው ራሴ ማዶ ካለው ቤት ሲወጣ አየሁትና ነገርኳት። አልተቆጣችም። ብርጭቆ እየወለወለች «ምን አድርገነው ይሆን?» አለች። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳለችው አልቆጠርኩም። ሻዩ ነው? ብስኩቱ ነው? እኔ ነኝ? እስከ ዛሬ አልታወቀም። በ4 ቃል ቢነግራት 1 ቀን ተቀይማ ታርመው ነበር።

እትዬ እስካሁን ይህን ጥያቄ አልጀመሩት ይሆናል፤ ምክንያቱም ዐቢይ ጾም ገብቷል። «ጾም ይዛ ነው፣ ቁርስ ትታለች» ብለው ይሆናል። 55ቱ ቀን ይሸፍንልሻል። ፋሲካ ሲመጣ ግን ያ ሰበብ ያልቃል። እንቁላሉም ቅቤውም ተመልሶ፣ ደንበኛው ሁሉ ተመልሶ፣ አንቺ ብቻ ትቀሪያለሽ። እንግዲህ ከፋሲካ በፊት ብታደርጊው የሚቀልሽ ይመስለኛል።

መቼ? ቅዳሜ ረፋድ፣ 4 ሰዓት ገደማ። የቁርሱ ሰው ሲወጣ ቤቱ ጭር ይላል። እትዬም የማግስቱን ባቄላ እየለቀሙ የሚገኙት ያኔ ነው። አጠገባቸው ተቀመጪና አንቺም ልቀሚ። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይፈታል፤ ዓይን ለዓይን መተያየትም የለም።

ምን ልበል ካልሽኝ እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ። «እትዬ፣ በጥምቀት እንግዶችሽ ወደዱት ወይ ብለውኝ ነበር፤ ዋሽቼዎታለሁ። ፉሉ አልበሰለም ነበር፣ ብዙም ጠበቅን። ለእርስዎ ልነግር አፍሬ ይኸው ስጠፋ ከረምኩ።» ይኸው ነው። ዝንቡን፣ ዳቦውን፣ ጨውን አንድ በአንድ አትደርድሪ። ዋናው ከተነገረ ሌላውን እሳቸው ራሳቸው ይጠይቁሻል፤ የቤቱ ባለቤት ናቸው። ሒሳቡን ግን ለብቻው አንሺው፦ «2 ፉል ተደምሮብን ነበር፣ በግርግር ይመስለኛል።» ሊመልሱልሽ ኪሳቸው ሲገቡ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ።

ልጅቷን በተመለከተ ልለምንሽ። «ያቺ አዲሷ ልጅ» ብለሽ አትጀምሪ። በዚያ ቀን 6 ጠረጴዛ ብቻዋን እንድትይዝ የተደረገችው በራሷ ፈቃድ አይደለም። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ ከገጠር በቅርብ የመጡ፣ የሚተኙትም እዚያው ቤት ጀርባ ነው፤ ሥራው ከሄደ ማደሪያውም አብሮ ይሄዳል። አንቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ትያለሽ፣ እሷ ፌስታሏን ይዛ መናኸሪያ ትሄዳለች። እትዬ «ያቺ ናት፣ እሷ ናት» ማለት ከጀመሩ «ኧረ እትዬ፣ ብቻዋን ነበረች እኮ፣ ላቧ ጠብ እስኪል ስትሮጥ ነበር» በይላቸው። እውነትሽን ነው።

ቢቀየሙስ? ሊቀየሙ ይችላሉ። «አሃ፣ እንግዲህ ከተማው ሰፊ ነው፣ ሌላ ቤት ብዪ» ሊሉሽ ይችላሉ። እናቴም ብትሆን ትለው ነበር፣ ፊቷን አዙራ። አትከራከሪ። ሻይሽን ጠጥተሽ፣ ከፍለሽ፣ «እሺ እትዬ፣ ደህና ይዋሉ» ብለሽ ውጪ። በ3ኛው ቀን ተመልሰሽ ሻይ እዘዢ። ስለ ፉሉ አታንሺ። 7 ዓመት የበላሽበት ቤት ነው፣ ከ3 ቀን በላይ የሚዘጋብሽ አይመስለኝም። ከተዘጋብሽም ቢያንስ ያን መንገድ በቀጥታ ታልፊዋለሽ፤ የሚያዞርሽ የተደበቀ ነገር የለማ።

ሌላም የማልደብቅሽ ነገር አለ። ምናልባት ቤቱ በእውነት ወርዶ ይሆናል። እትዬም እየደከሙ፣ ሥራውን ለሌላ እየተዉ ይሆናል። እስቲ አስቢው፣ ከጥምቀት በፊት ባሉት ወራት ፉሉ እንዴት ነበር? ያው ነበር ወይስ አንቺ በፍቅር አልፈሽው ነው? መልሱ 2ኛው ከሆነ፣ ቁርስሽን ሌላ ቦታ ብትበዪ ክህደት አይደለም። እትዬ ጋ ሻይ ለመጠጣት፣ ለጨዋታ መሄድ ትችያለሽ። ሰው የሚወደውን ሰው ምግብ ሁሉ መብላት የለበትም። የእኔ እናት ጨጨብሳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጫማ ነበር።

እንግዶቹ ከፋሲካ በኋላ ከተመለሱ ደግሞ ቀኑን በቁርስ ብቻ አታስጨንቂው። እናቲቱ ገዳም የሚወዱ ከሆነ በጀልባ ወደ ዘጌ ውሰጃቸው፤ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ይገባል፣ የግድግዳውን ሥዕል አይተው አይጠግቡም። ባለጀልባው ክብራን ገብርኤልን እንጨምር ካለ ግን አስቀድመሽ አስቢ፤ እዚያ ሴት አይገባም፣ እናቲቱ ከነልጃቸው ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ወንዶቹን ሲጠብቁ ሌላ «ልጄ» የሚል ጥያቄ ይመጣብሻል። ዘጌ ላይ ቡናው ጫካው ውስጥ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው፤ እዚያው ያስፈሉላችሁ። ዓሣውን ከጀልባ ስትወርዱ ብሉ። ጾሙ ሳይፈታ ከመጡ ግን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አትግቢ፤ ለአማች ፊት የሚሆን ወሬ አይደለም።

በመጨረሻው ቀን፣ መኪና ከመሳፈራቸው በፊት፣ እናቲቱን ብቻ እትዬ ጋ ይዘሻቸው ሂጂ። በዓል ባልሆነ ቀን። ቀድመሽ ለእትዬ ንገሪያቸውና ቤት ይኑሩ። ምግብ አታዝዢ፤ 3 ሻይ ብቻ፣ አንዱ የእትዬ። አስተዋውቂያቸውና አንቺ ዝም በይ። ስለ አንቺ የሚያወሩት አያጡም፤ ደብተሩም ካልተጣለ ሳይወጣ አይቀርም።

የሆነውን ጻፊልኝ። ስፕሪሱን ግን ልጅቷ እጇ እስኪረጋ አቆይው።